የክፍል ጨዋታና የሕፃናት ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት

የክፍል ጨዋታ በዚህ መጣጥፍ አገባቡ መምህር አቅዶ በትምህርት ሰዓት የሚያካሂደው ጨዋታ ነው። ዓላማው ሕፃናት ስሜታቸውን ለይተው እንዲያውቁ፣ ቁጣንና ችኩልነትን እንዲገቱ፣ የሌላው ደስታና ሐዘን እንዲገባቸው፣ ተራ እንዲጠብቁ፣ ተባብረው እንዲሠሩና ሲጣሉ በንግግር እንዲታረቁ ማለማመድ ነው። ከዕረፍት ሰዓት ጨዋታ የሚለየው በሦስት ነገሮች ነው። የሚያለማምደው ክህሎት አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ይነገራል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ስላለፈው ነገር ይነጋገራሉ።

መጣጥፉ ጉዳዩን የሚያየው በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ባሉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላይ ተመሥርቶ ነው። አካባቢው የቅዱስ ያሬድ የዜማ ድርሰት የሆነው የድጓ ማስመስከሪያ፣ የቤተ ልሔም አገር ነው። ታላቁ ታናሹን የሚያስተምርበት የቆየ የአብነት ትምህርት ሥርዓት እዚህ አለ፤ ሕግና ተራ ያላቸው የልጆች ጨዋታዎችም ሞልተዋል። ለክፍል ጨዋታ የሚያስፈልገው መሠረት ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም።

ክህሎቶቹ

ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት በሚል ስም የሚታወቀው የትምህርት ዘርፍ በስፋት የተደራጀው «ካሰል» በሚል ምሕፃር የሚጠራው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ከተመሠረተ በኋላ ነው። ድርጅቱ ክህሎቶቹን በአምስት ይከፍላቸዋል፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ ሌላውን መረዳት፣ ከሰው ጋር መግባባትና ኃላፊነት ያለበት ውሳኔ መስጠት።

አምስቱ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ተያይዘው ይገኛሉ። ብይ የሚጫወት ልጅ ተራው እስኪደርስ ሲጠብቅ ራሱን ይገዛል። ብዩን ሲበላ የተሰማው ንዴት ምን እንደሆነ ካወቀ ራሱን አወቀ። ጓደኛው ባዶ እጁን ሲቀር ፊቱን አይቶ ከተረዳ ሌላውን ተረዳ። መስመሩ ተነክቷል አልተነካም በሚል ክርክር ሲነሣ በንግግር መስማማት መግባባት ነው፤ ማንም ሳያየው አጭበርብሮ መውሰድ ሲችል መተው ደግሞ የውሳኔ ጉዳይ ነው።

የአስተሳሰቡ አመጣጥ

ጨዋታን የሕፃናት ትምህርት መሠረት አድርገው ካደራጁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ፍሪድሪሕ ፍሮበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ያቋቋመው ተቋም ዛሬ አጸደ ሕፃናት የምንለው የትምህርት ደረጃ መነሻ ሆኗል።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው የሕፃናት የሥነ ምግባር ፍርድ ጥናቱ ልጆች ብይ ሲጫወቱ ተመልክቶ ስለ ሕጉ ጠይቋቸዋል። ትንንሾቹ ሕግን ከታላላቆች የመጣ፣ የማይነካ ነገር አድርገው ያዩታል፤ ወደ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የተጠጉት ግን በተጫዋቾች ስምምነት የጸና፣ በስምምነትም ሊሻሻል የሚችል ውል መሆኑን ይረዳሉ። ለፒያዤ ይህ ለውጥ በስብከት አይመጣም፤ እኩያ ከእኩያ ጋር ሲጫወትና ሲከራከር የሚመጣ ነው።

ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 በሰጠው ንግግር ሌላ ነጥብ አክሏል። ሩጫ የሚጫወት ልጅ ወዲያው መሮጥ ያምረዋል፤ ሕጉ ግን ምልክቱን ጠብቅ ይለዋል። ልጁ የሚታዘዘው ቅጣት ፈርቶ አይደለም፤ ጨዋታው እንዲቀጥል ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ ሕፃን ከፍተኛውን ራስን የመግዛት አቅም የሚያሳየው በጨዋታ ውስጥ ነው ሲል ቪጎትስኪ አስተምሯል።

በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሥርዓት ለማስያዝ ከተፈተኑት ጨዋታዎች በጣም የታወቀው «የመልካም ጠባይ ጨዋታ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በአንድ አራተኛ ክፍል የተሞከረ ሲሆን፣ ተማሪዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ጥቂት ግልጽ ሕጎችን ይጠብቃሉ፤ ሕግ ሲጣስ በቡድኑ ስም ምልክት ይመዘገባል። ምልክቱ ከተወሰነ ቁጥር ካላለፈ ሁለቱም ቡድኖች ያሸንፋሉ። ኤሊየት አሮንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ፣ በዘር የተከፋፈሉ ተማሪዎች እንዲቀራረቡ እያንዳንዱ ልጅ የትምህርቱን አንድ ቁራጭ ይዞ ለቡድኑ የሚያስረዳበትን ዘዴ ፈጠረ። ሁሉም የሌላውን ስለሚፈልግ፣ ቀድሞ የተናቀው ልጅ የሚደመጥ ሆነ።

ቤተ ልሔምና የአብነት ትምህርት ቤት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማ ሊቅ ለመባል ድጓን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። ድጓው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው፤ ትውፊቱም ያሬድን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያኖረዋል። ድጓን በሌላ ደብር የተማረ ሰው እውቀቱን የሚያስመሰክርባት ቦታ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ናት፤ ዜማውም በስሟ ይጠራል።

የአብነት ትምህርት ጨዋታ አይደለም። ከፊደል ቤት ወደ ንባብ ቤት፣ ከዚያም ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጽሐፍ ቤት የሚወስደው መንገድ ረጅምና ጽኑ ነው። ለማኅበራዊ ክህሎት የሚጠቅሙ ሁለት ልማዶች ግን በውስጡ ይኖራሉ። የመጀመሪያው ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ነው። የኔታ የገፉትን ያስተምራሉ፤ የገፉትም ከሥር ያሉትን ያስቀጽላሉ። ታላቁ ታግሦ መደጋገምን፣ ታናሹም ሳያፍር መጠየቅን ይለምዳል። ሁለተኛው የቆሎ ተማሪዎች አብሮ መኖር ነው። ከወላጆቻቸው ርቀው በጎጆ የሚኖሩ ልጆች ለምነው ያመጡትን ቁራሽ አብረው ይበላሉ፤ የታመመውን ያስታምማሉ።

ሥርዓቱ ጥላም ነበረው። በአብነት ትምህርት ቤትም ሆነ ኋላ በመጣው የመንግሥት ትምህርት ቤት አለንጋና አርጩሜ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነው ኖረዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አርጩሜውን ያስቀመጠ መምህር ግን ሥርዓት የሚያስይዝበት ሌላ መንገድ ያሻዋል፤ የክፍል ጨዋታ በኢትዮጵያ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው የሚገባውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

የአገር ልጆች ጨዋታዎች

የኢትዮጵያ ደጋ ልጆች ጨዋታዎች ቀደም ብለው በጽሑፍ ተመዝግበዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ የሐበሻን ጨዋታዎችና መዝናኛዎች የሚዘረዝር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1935 በፓሪስ አሳትሟል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት የገበጣን ዓይነቶች በስፋት አቅርበዋል።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ብዙዎቹ በጋይንትም ሆነ በሌላው የአማራ ገጠር በእረኝነት ሜዳ፣ በቤት ደጃፍና በትምህርት ቤት ግቢ ይታወቃሉ። አኩኩሉ መደበቅና መፈለግ ነው። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ» ሲል ተደባቂዎቹ «አልነጋም» ይላሉ፤ «ነጋ» እስኪባል ዓይን መግለጥ ነውር ነው። ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ በተሠመሩ ቤቶች በአንድ እግር መዝለል ሲሆን፣ መስመር የረገጠ ተራውን ይለቃል። ቅልብልቦሽ ጠጠሮችን ወደ ላይ እየወረወሩ መቅለብ ነው። በመሐረቤን ያያችሁ ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከኋላቸው እየዞረ መሐረቡን ከአንዱ ጀርባ ይጥላል። በእቃ እቃ ልጆች እናትና አባት፣ እንግዳና ባለቤት ሆነው የቤትን ኑሮ ይጫወታሉ።

የዓመቱ በዓላትም የየራሳቸው ጨዋታ አላቸው። በቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹና እየጨፈሩ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ የተሰጣቸውን ሙልሙልም ይካፈላሉ። አካፋዩ ካዳላ ቡድኑ ይፈርሳልና ልጆቹ እኩልነትን ከሆዳቸው ጋር አያይዘው ይማራሉ። በገና ጨዋታ ደግሞ በቆልማማ ዱላ ጥንግ የሚመቱ ሰዎች በማዕረግ አይለያዩም፤ በዚያ ቀን ጌታ በተመታም በተሰደበም አይቆጣም የሚለው የቆየ ብሂል ለጨዋታ ሲሉ ቁጣን መግታት በአገሩ ባህል የታወቀ ልማድ እንደነበር ይመሰክራል።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 31 ዕረፍትና ጨዋታ የሕፃን መብት መሆናቸውን ያውጃል። የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ከከተማና ከግል ትምህርት ቤቶች ብዙም አልወጣም ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ያወጡት ብሔራዊ የቀዳማይ ልጅነት ማዕቀፍ ግን የገጠር ልጆችንም ታሳቢ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተከፈተው «ኦ ክፍል» ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ዓመት ለብዙ የገጠር ልጅ አዳርሷል።

ለዚህ መጣጥፍ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው የኢትዮጵያ ተሞክሮ «ከልጅ ለልጅ» የተባለው መርሐ ግብር ነው። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በስድስት አገሮች ሲሞክረው አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በመምህር እየተመሩ በሰፈራቸው ያሉ፣ ትምህርት ያልጀመሩ ሕፃናትን ይሰበስቡና በጨዋታ፣ በተረትና በመዝሙር ለአንደኛ ክፍል ያዘጋጇቸዋል። ታላቁ ታናሹን የሚያስቀጽልበትን የአብነት ልማድ የሚያውቅ የጋይንት ወላጅ የዚህ መርሐ ግብር አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም።

ከክፍል ውጭም ቴሌቪዥን ድርሻ ነበረው። ተስፋዬ ሳህሉ፣ በልጆች አጠራር አባባ ተስፋዬ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረትና ምክር ለሕፃናት አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በብሩክታዊት ጥጋቡና በባልደረባዋ ሼን ኤትዘንሃውዘር የተሠራው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» ጸሐይ በተባለች የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ስለ ጤና፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ስሜት በአማርኛ አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። የቴሌቪዥን ሞገድና መብራት በማይደርሱበት ቀበሌ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው መምህሩ ብቻ ነው።

አሠራር

የክፍል ጨዋታ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ጠጠር፣ ባቄላ ወይም የበቆሎ ፍሬ፣ ጠመኔ፣ መስመር ለማስመር አመድና የጨርቅ ኳስ ይበቃሉ። ተማሪው ብዙ፣ ወንበሩም የማይነሣ ከሆነ ግማሹ ሲጫወት ግማሹ ይታዘባል። ታዛቢዎች የሚያዩት ነገር አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ ለምሳሌ «ማን ተራውን በትዕግሥት ጠበቀ? ማን የወደቀን አነሣ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ለታችኛው ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቂ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ረጅም ጨዋታ ይልቅ በየቀኑ የሚደረግ አጭር ጨዋታ ይመረጣል።

ራስን ለመግዛት ተቃራኒ ትእዛዝ ጥሩ መነሻ ነው። መምህሯ «ራስ» ስትል ልጆቹ ጣታቸውን ወደ እግራቸው፣ «እግር» ስትል ወደ ራሳቸው ያደርሳሉ። የለመዱትን ትተው ሕጉን ለመከተል ማሰብ አለባቸው። አኩኩሉም ዓይን ሳይገልጡ መጠበቅን ያለማምዳል። ከቤት ውጭ ቦታ ከሌለ ጠጠር ተደብቆ መፈለግ ይቻላል።

ሌላውን ለመረዳት እቃ እቃ ወደ ክፍል ይገባል። ሁለት ልጆች አንዱ ጎርሶ ሌላው ሳይጎርስ የቀረበትን፣ አዲስ ልጅ ክፍል ሲገባ ማንም ያላናገረበትን ወይም በግ ጠፍቶበት ወደ ቤት መመለስ የፈራ እረኛን ይጫወታሉ። ከዚያ ሚናቸውን ይለዋወጣሉ። ክፍሉ የተጫዋቹን ስሜት በስሙ ይጠራል፦ ከፋው፣ አፈረ፣ ፈራ፣ ቀና፣ ተናደደ፣ ሆድ ባሰው፣ ቅር አለው። «አዘነ» ከማለት ያለፈ ብዙ ቃል ያለው ልጅ ስሜቱን በጡጫ ሳይሆን በአንደበቱ ይገልጣል።

ሽንፈትን ለመቻል እንቆቅልሽ ተስማሚ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ተብሎ ይመለሳል፤ መልሱ ያቃተው አገር ይሰጣል። በክፍል ውስጥ ጨዋታው በቡድን ሲሆን ቡድኑ ከመመለሱ በፊት ይመካከራል፣ የሚሰጠውንም አገር በአንድ ድምፅ ይወስናል። አገር የሰጠ ቡድን ሳያኮርፍ የራሱን እንቆቅልሽ እንዲጠይቅ ወዲያው ዕድል ያገኛል። ገበጣም መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ሊካሄድ ይችላል፤ ሁለት ልጆች እየተማከሩ በአንድ ወገን ሲጫወቱ አንዱ ብቻውን መወሰን አይችልምና ሐሳብን መስጠትና መቀበል ይለማመዳሉ።

የሁሉም ማሰሪያ ውይይቱ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው መምህሩ ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ «ስትጠብቅ ምን ተሰማህ? ንዴቱን እንዴት አሳለፍሽው? ጠብ የተነሣው የት ላይ ነው? ነገ ሕጉን እናሻሽለው ወይስ ይቆይ?» የመጨረሻው ጥያቄ ልጆቹ ሕግ በስምምነት የሚጸና መሆኑን እንዲያዩ ያደርጋል። መምህሩ መልሱን ቀድሞ ከተናገረ ግን ውይይቱ ስብከት ይሆናል።

ጦርነት ባለፈበት አካባቢ

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ጋይንት ዘልቆ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች ተይዛ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት በዘገባ አሳውቋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። እዚህ ያሉ ሕፃናት ተኩስ ሰምተዋል፤ ተፈናቅለዋል፤ ዘመድ ያጡም አሉ።

እንዲህ ላለ ልጅ ጨዋታ ሕግ ያለው፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የሚታወቅ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከእኩዮቹ ጋርም ያገናኘዋል። በአደጋ ጊዜ የሚቋቋሙት ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ቦታዎች በጨዋታ ላይ የሚመሠረቱትም ስለዚህ ነው። ሕክምናን ግን አይተካም። ልጅ ያየውን እንዲናገር ወይም እንዲጫወተው አይገደድም፤ ድንገተኛ ጩኸትና ማሳደድ ያለባቸው ጨዋታዎች ይቀራሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ ዝም ያለ ወይም ሁልጊዜ የሚደነግጥ ልጅ ቤተሰቡ እያወቀ ወደ ጤና ባለሙያ ይላካል።

ማስረጃው

በጆሴፍ ዱርላክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት 213 የማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት መርሐ ግብሮችንና ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን በአንድነት መርምሮ፣ ተሳታፊዎቹ በጠባይና በማኅበራዊ ክህሎት መሻሻላቸውን፣ በትምህርት ውጤትም ከሌሎቹ በ11 የመቶኛ ደረጃ መብለጣቸውን አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ አነስተኛ ጥናት ለ65 የአጸደ ሕፃናት ልጆች ራስን የመግዛት የቡድን ጨዋታዎችን ሞክሮ፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ሲጀመር ራሳቸውን መግዛት ያቃታቸው ልጆች እንደሆኑ አግኝቷል። ጥናቶቹ በአብዛኛው በአሜሪካ የተካሄዱ በመሆናቸው ውጤታቸው ለጋይንት ክፍል እንዳለ አይወሰድም፤ መምህሩ በራሱ ክፍል እየሞከረ ሊያስተካክለው ይገባል።

ጥንቃቄና መመዘኛ

በቡድን ውጤት ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ሕግ የጣሰውን አንድ ልጅ የሁሉም ጥላቻ ማረፊያ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ የሚሳሳተው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ጨዋታው ይለወጣል። ተሸናፊን ማሳፈርና በዘመድ አዝማድ ስም መሳደብ አይፈቀድም። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ዳኛ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሕጉ ይስተካከላል፤ ለምሳሌ በሰኞ ማክሰኞ ምትክ በእጅ የሚጫወቱት ቅልብልቦሽ ይመረጣል። ውኃ ቀድታ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የምትመጣ ሴት ልጅ ተራ እንድታገኝ መምህሩ ያስባል፤ የዕረፍት ሰዓቱን ሜዳ ብዙ ጊዜ ወንዶቹ ይይዙታልና።

ወላጅ «ልጄን ለጨዋታ አልላክሁም» ሲል ተገቢው መልስ ልጆቹ ሲጫወቱና ሲወያዩ እንዲያይ መጋበዝ ነው። ቡሄ የጨፈረና ገና የተጫወተ አባት፣ ቅልብልቦሽ የምታውቅ እናት ለመምህሩ ረዳት ይሆናሉ፤ የአካባቢውን ጨዋታ ከነሕጉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ክህሎቱ የሚመዘነው በፈተና ወረቀት አይደለም። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት፣ በሰልፍ ላይና በውኃ ቦኖው ወረፋ ልጆቹን ይመለከታል። ተራ የሚጠብቁት መምህር ሳያያቸውም ከሆነ፣ የተጣሉት ወደ መምህር ከመሮጣቸው በፊት ራሳቸው ለመታረቅ ከሞከሩ፣ ብቻውን የቆመውን ልጅ ሌላው ጠርቶ ካስገባው፣ ጨዋታው ሥራውን ሠርቷል። ይህ ካልታየ ሌላ ጨዋታ ከመጨመር በፊት የሚመረመረው ውይይቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነውና።